ሙቀት ለኪው መቋሚያ

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አቋቋም ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው፤ እኔ ላሊበላ ውስጥ ባጃጅ ጠጋኝ ነኝ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርቱን ጥዬ ካቻቢቴ ከጨበጥኩ ጀምሮ ስለ ሥራዬ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። ዘይት የነካ እጄን ሲያዩ «ታጠብና ብላ» ይላሉ፤ በቃ። እኔም ቶሎ የሚከፋኝ ሰው ነኝና አኩርፌ እበላለሁ።

ይህን የቀየረችው ክንድ የማታህል መጫወቻ መኪና ናት። አገር ለአገር በመኪና የሚዞር አንድ የውጭ እንግዳ እንድጠግንለት አምጥቷት፣ አልነሣ ስትለው ከነሪሞቷና ከአንድ ጀሪካን ነዳጇ ጋር ትቶልኝ ሄደ። በባትሪ የምትሄድ እንዳይመስላችሁ። እውነተኛ ሞተር አላት፤ ፒስተኑ አውራ ጣቴን አያህልም። ነዳጇ ለእሷ ተብሎ የተቀመመ ስለሆነ ማደያ አይገኝም፤ ጀሪካኑ ካለቀ አለቀ።

ችግሯ ቆላ ላይ የተስተካከለች መሆኗ ነው። በእኛ ስስ አየር ነዳጁ ይበዛባትና ጭስ እየተፋች ትጠፋለች። ነዳጁን የሚመጥነውን ብሎን ጠበቅ ማድረግ ይበጃል። ከልክ በላይ ካጠበቁት ግን ሞተሩ ይግልና ፒስተኑ ይጣበቃል፤ ያን ጊዜ መኪናዋን ማልቀስ ነው። ስለዚህ ሙቀቷን መለካት ግድ ሆነ።

መጀመሪያ፣ በወረርሽኙ ጊዜ የእንግዳ ግንባር ይለኩበት የነበረውን መሣሪያ ከአንድ ሆቴል ዘበኛ ለመንኩ። ለሰው ትኩሳት የተሠራ ነውና ሞተሩ ላይ ሳነጣጥረው ቁጥር መስጠት እምቢ አለ። ዘበኛው «ይችስ ለይቶ ማቆያ ትግባ» ብሎ ሳቀብኝ። የቀረኝ እንግዳው ያሳየኝ ዘዴ ነበር፦ ሞተሩ አናት ላይ አንዲት ጠብታ ውኃ ጣል ማድረግ። ጠብታዋ ዝም ብላ ከተኛች ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው። ወዲያው «ችስ» ብላ ከጠፋች ግሏል። ፈልታ ሦስት አራት ሰከንድ ቆይታ ከደረቀች ልክ ነው።

ሁዳዴ ነበር። ደጃፍ ላይ ተንበርክኬ ውኃ ሳንጠባጥብ አባቴ መደባቸው ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ምንድን ነው የምትቆጥረው?» አሉኝ። ስንት ዓመት የጠበቅሁት ጥያቄ ነው። አስረዳኋቸው።

«አንተ ደግሞ መቸ ቆጠራ ታውቃለህ? ስትቸኩል አይደል ከትምህርት ቤት የወጣኸው» አሉና መቋሚያቸውን አነሡ። «በል ጣል።»

ጣልኩ። መቋሚያው በዝግታ መሬቱን መታ። ስድስት ምት። ብሎኑን አጠበቅሁ፤ አምስት ሆነ። ሦስት ምት ላይ ስንደርስ መኪናዋ ጉሮሮዋ ተከፈተና ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ በረረች። ስልኬ ሰከንድ መቁጠር እንደሚችል ጠፍቶኝ አይደለም። አባቴ ሥራዬ ውስጥ ገብተው እያሉ ስልክ የማወጣ ሞኝ ግን አልነበርኩም። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ጾሙን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሯን አስነሥተን «ሦስት ምት» እያልን ለካን።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ፋሲካ ሲያልፍ ነዳጁ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ቀረ። የማኅበር ተራም አባቴ ላይ ወደቀ። ለካ ሳይነግሩኝ ለማኅበርተኞቻቸው «ልጄ የገራትን መኪና ታያላችሁ» ብለዋቸዋል። በእኔ ተመክተው አያውቁም። ብትጠፋብኝ የሚያፍሩት እኔን ብለው የተናገሩት አባቴ ናቸው።

ጸበል ጻዲቁ ከተቀመሰ በኋላ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው ደጃችን ያለው አውድማ ዳር ተደረደሩ። ሞተሩን አስነሥቼ አሞቅሁና ጠብታዋን ጣልኩ። አባቴ መቱ። ስድስት።

«ቀዝቅዛለች፤ አጥብቅ» አሉ።

አጠበቅሁ። አምስት። ደግሜ አጠበቅሁ። አራት። ድምጿ ቀጠነ፣ ጭሷ ጠፋ፣ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ጆሮዬና አፍንጫዬ ግላለች ይላሉ፤ መቋሚያው ቀዝቃዛ ናት ይላል። ቀና ብዬ አባቴን አየኋቸው። ፊታቸው በርቷል፤ በጉልበታቸው እየተወዛወዙ ነው።

ያኔ ገባኝ። በሁዳዴ ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፤ መቋሚያው ብቻውን በዝግታ ይሄዳል። አሁን የፋሲካ ወራት ነው፤ ከበሮው ተመልሷል፣ የአባቴም እጅ አብሮ ፈጥኗል። ጠብታዋ ቶሎ ቶሎ ስትደርቅ፣ ምታቸው ከእሷ እየቀደመ ቀዝቃዛ አስመስሏታል። የሦስት ምት ሕጋችንን ያወጣነው በጾም ምት ነበር።

በሰው ፊት ተሳስተዋል ማለት አልሆነልኝም። «አባባ» አልኩ፣ «እስኪ የሁዳዴውን ይምቱልኝ።»

ግራ ተጋብተው አዩኝ፤ ቢሆንም መቱ። ሁለተኛው ምት ሳይደርስ ጠብታዋ ጠፋች። መቋሚያቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«አየ! እኔ ነኝ ለካ ያነደድኳት። ጌታ ተነሥቶ እጄ እንዴት ብሎ ይዘግይ?»

«መሪጌታ፣ የሞተሩን ንስሐ ይቀበሉ እንግዲህ» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፤ አውድማው በሳቅ ሞላ።

ብሎኑን አላላሁ። ጭሷ ተመለሰ፤ በረድ እስክትል ጠበቅናት። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው በሁዳዴ ምት ቆጠሩ፤ ሦስት። ለቀቅኋት። አውድማውን እየዞረች አቧራውን ስታነሣው ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ እንደ ልጅ ሸሹላት። የመጨረሻዋ ጠብታ ነዳጅ እስክታልቅ ሮጠች፣ ከዚያም አባቴ እግር ሥር አካባቢ ደርሳ ቆመች።

«ይህን ከማን ተማረው?» አሏቸው አንዱ።

«ከእኔ ነዋ! ዛሬ ግን የምቱን ልዩነት የሰማው እሱ እንጅ እኔ አይደለሁም። ጆሮው የአቋቋም ጆሮ ነው» አሉ።

እንግዶቹን ሸኝተን ለማዕድ ስንቀመጥ ሁለቱም እጆቼ ዘይት በዘይት ነበሩ። አባቴ አየት አደረጓቸው። «ታጠብ» አላሉኝም፤ ራሳቸው ጠቅልለው አጎረሱኝ።