ከበሬዎቹ ኋላ ያጠናሁት እንግሊዝኛ

ክረምት ሲገባ የሱሉልታ ሜዳ ጭጋግ ለብሶ ይተኛል። ጠዋት ከተከራየሁት ክፍል ስወጣ የግቢው አጥር እንኳ አይታየኝም ነበር፤ የአከራዬ በሬዎች ሲተነፍሱ ብቻ እሰማለሁ። አከራዬ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ማሳቸው እኔ ወደምሠራበት የውሃ ፋብሪካ በሚወስደው መንገድ ዳር ስለሆነ አብረን እንወጣለን፤ እሳቸው ከበሬዎቹ ኋላ፣ እኔ ከእሳቸው ኋላ።

በዚያ ክረምት የማሽን ተቆጣጣሪ ቦታ ተከፍቶ ነበር። ከውጭ አገሩ ሥራ አስኪያጅ ጋር በእንግሊዝኛ መነጋገር ይጠይቃል። ከካርቶን ተሸካሚነት የምወጣበት ሌላ መንገድ አልታየኝም። እንግሊዝኛን የተማርኩት ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ነው፤ ማንበቡ አያቅተኝም፣ ሰው ፊት ስቀመጥ ግን አፌ ይተሳሰራል። ይበልጥ የሚያስቸግሩኝ ከግሶቹ ኋላ የሚመጡት ትንንሽ ቃላት ስለነበሩ በእርምጃዬ አጠናቸው ነበር፤ «ሊስን» በግራ እግር፣ «ቱ» በቀኝ፤ «ዌይት» በግራ፣ «ፎር» በቀኝ።

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣» አሉኝ ሽማግሌው ዞር ሳይሉ፣ «ጭጋጉን ነው የምታስተምረው?»

«እንግሊዝኛ ነው አባባ። ቃሉ ጓደኛ አለው፤ ያለ ጓደኛው አይሄድም።»

«እንደ በሬ በለኛ! ቀዩንም በግራ ብትጠምደው ይተኛብሃል። ብቻ ቀስ ብለህ አጥና፤ ‹ዌይት› ባልክ ቁጥር በሬዎቹ እየቆሙ አስቸገሩኝ።»

የኢንተርቪው ቀን ሥራ አስኪያጁ ወንበር ሰጠኝ። ማሽን ሲቆም መጀመሪያ ምን እንደማደርግ ጠየቀኝ። መልሱን አውቃለሁ፤ ቃላቱ ግን ጭጋግ ውስጥ እንዳለ አጥር ሆኑብኝ። ከጠረጴዛው ሥር ግራ እግሬ ተንቀሳቀሰ። ይቅርታ ጠይቄ ተነሣሁና ወደ መስኮቱ ተራመድኩ።

«አይ ሊስን ቱ ዘ ማሺን» አልኩ።

ሌላውም ቃል ተከትሎ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ግራ ተጋብቶ አየኝ፤ ከዚያ ተነሥቶ በሩን ከፈተልኝ። ጠርሙሶቹ በሚያልፉበት ማሽን ዳር እየተራመድን የጠየቀኝን ሁሉ መለስኩለት።

ወደ ቤት ስመለስ ሽማግሌው በሬዎቹን እየፈቱ ነበር።

«እህስ?»

«ከሰኞ ጀምሮ ተቆጣጣሪ ነኝ፣ አባባ።»

«በጋ ገመዴ! ደስ ይበልህ!» ቀንበሩን አጥሩ ላይ አስደገፉት። «እንግዲህ የፋብሪካው ሰርቪስ ነው የሚወስድህ። እነዚህን ማን ሊያስጠናቸው ነው?»

ጭጋጉ ከሜዳው ማዶ ቀስ እያለ እየመጣ ነበር። በእግሬ እንደምሄድ ነገርኳቸው።