ስክሪኑ የሚጠራው ስም

ሀፍሷ በአንዋር መስጊድ ሰፈር ያለውን የቅመም ሱቅ በየማለዳው ትከፍታለች። ቢስሚላህ ብላ የብረት መዝጊያውን ወደ ላይ ትገፋለች፤ የኮረሪማውንና የጥቁር አዝሙዱን ጆንያ አፍ ትገልጣለች፤ ከዚያ ከሚዛኑ አጠገብ ያለውን ላፕቶፕ ታበራለች። ስክሪኑ በእንግሊዝኛ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ፉርቃን» ይላል።

ፉርቃን ታላቅ ወንድሟ ነበር። ዓምና ክረምት ሲገባ ታሞ ሞተ። የዳታ ሳይንስ ኮርሱን በኢንተርኔት የጀመረው እሱ ነው፤ እሷ ከሐዘኑ በኋላ ካቆመበት ቀጠለች። እንደ አዲስ መመዝገብን አላሰበችውም። የሱቁ ታፔላ እንኳ እስከ ዛሬ በሟች አባታቸው በባህረዲን ስም ነው፤ ደንበኛውም «ባህረዲን ጋ» እያለ ይመጣል።

እናቷ ሰአዳ የእንግሊዝኛ ፊደል አያነቡም። ስሙ የቱ ጋ እንደሚወጣ ግን ያውቃሉ።

«ዛሬስ ጠራው?»

«ጠራው፣ እማ።»

ጣታቸውን ስሙ ላይ ያሳርፋሉ፤ ከዚያ ስክሪኑን በሻርፓቸው ጫፍ ጠርገው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

ሀፍሷ ኮድ መጻፍ የተማረችው ከአስተማሪዎቹ ይልቅ ከፉርቃን ነው። ልምምዶቹ እዚያው አሉ፤ በየመሀሉ ለራሱ በአማርኛ ጽፎባቸዋል። «እዚህ ጋ ተጠንቀቅ።» «ይሄ የጅል መንገድ ነው።» ስትሳሳት እሱ ቀድሟት እዚያው ተሳስቶ ታገኘዋለች። ገበያ በዝቶባት ኮርሱን ሳትከፍት ከሰነበተች ደግሞ መልእክት ይጠብቃታል፦ «ፉርቃን፣ ጠፋህ። ካቆምክበት ቀጥል።»

የመጨረሻው ፕሮጀክት በበዓል ሰሞን የበርበሬ ዋጋ ምን ያህል እንደሚወጣ መተንበይ ነበር። የፉርቃን ኮድ መስመር መሀል ላይ ተቋርጧል። ያን መስመር ጽፋ ስትጨርስ ከጀርባዋ ሰው የቆመ መስሏት ዞረች። ጆንያ ነው።

ጭድ ተራ አካባቢ ያለ አንድ አስመጪ የሽያጭ መረጃ የሚተነትንለት ሰው ይፈልጋል። «ሰርተፊኬትሽን ከመታወቂያሽ ጋር ይዘሽ ነይ፤ ሥራው ያንቺ ነው» ብሏታል። ኮርሱ ሲያልቅ ግን ስክሪኑ ጠየቃት፦ ሰርተፊኬቱ ፉርቃን ባህረዲን በሚል ስም ይውጣ? ከቀየረችው የማለዳው ሰላምታም አብሮ ይቀየራል።

ፊት ለፊት ድስት የሚሸጡትን ጋሽ ዘመድኩንን አማከረች።

«ምን ቸገረሽ?» አሉ። «እኔ ይሄን ሱቅ ከከበደ ከገዛሁ ስንት ዘመኔ! ዛሬም ‹ጋሽ ከበደ› ሲሉኝ አቤት ነው የምለው።»

«ጋሽ ከበደስ ምን አሉ?»

«ሞቶ ምን ይበል!» ሳቁ። ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም። «አንድ ቀን የከበደ ልጅ መጣች። አጠገቤ ቆማ ሳለ አንዱ ደንበኛ ‹ጋሽ ከበደ!› ብሎ ተጣራ። አቤት ልል ስል፣ ልጄ፣ ዘወር ብላ አባቷን ፈለገች።»

ሀፍሷ ወደ ሱቋ ተመለሰች። የአባታቸው ስም አንድ ነውና የቀየረችው የፊተኛውን ብቻ ነው።

በማግስቱ እናቷ መጡ።

«ዛሬስ ጠራው?»

«አልጠራውም፣ እማ። እኔን ነው የጠራኝ።»

ሰአዳ እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን ስሙ ላይ አሳረፉ። ደንበኛ ገብቶ ሩብ ኪሎ እርድ ጠየቀ፤ እሳቸው ግን ጣታቸውን አላነሱም።

«አቤት በይዋ፣ እንግዲህ» አሉ።

ሰኞ ሀፍሷ አስመጪው ቢሮ ሥራ ትጀምራለች። ሱቁን እናቷ ይከፍታሉ፤ ላፕቶፑ ከእሷ ጋር ይሄዳል።