እሁድ እሁድ ድምፁ የሚዘጋው የላብ ጓደኛዬ

ዩኒቨርሲቲያችን ትንሽ ስለነበር ማን ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ሁሉም ያውቃል። ጉለሌ ዳገቱ ላይ ጥቂት ሕንፃዎች፣ አንድ ካፌ፣ ለወሬ የሚበቃ ሣር፤ በቃ። ሲመሽ ወደ ዊንጌት ወርደን ዳቦ በድንች የሆነውን እርጥብ በሻይ እንበላለን። እንዲህ ባለ ቦታ ምስጢር አይበረክትም። በላቦራቶሪ አብሮኝ የሚሠራው የላብ ጓደኛዬ እሁድ ግን ለሁላችንም እንቆቅልሽ ነበር።

ልጁ ከጋሞ ደጋ የመጣ ነው። ሰርኪውት ሲበይድ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ሲጠሩት «አቤት» ብሎ መልሶ ዝም የሚል። እሁድ ጠዋት ሸሚዝ ቀይሮ ይወጣል፤ አመሻሽ ላይ ድምፁ ተዘግቶ ይመለሳል። የዶርም ጓደኞቹ ግምታቸውን ይደረድራሉ። ከመካከላቸው ቀልደኛው፣ «ፍቅረኛ ይዟል፤ ሲጨቃጨቁ ነው የሚውሉት» ይላል። እኔ ግን እየገመትኩ መቀመጥ አላስቻለኝም፤ ጠየቅሁት።

«አንተ፣ እሁድ እሁድ የት ነው የምትጠፋው?»

«ሽሮ ሜዳ።»

«በየሳምንቱ ጋቢ ትገዛለህ?»

ሳቀ። «ነይና እዪው።»

ሄድኩ። ከነጠላና ጋቢ ሱቆቹ ጀርባ በቀጭን መንገድ ወጥተን አንድ ግቢ ገባን። የሸማኔ አጎቱ ቤት ነው። ሰንበት ስለሆነ ሥራ የለም፤ የአገሩ ሰዎች ተሰብስበው ያወራሉ። ቁጭ ከማለታችን አጎትየው ተነስተው ድምፅ አወጡ። ሌላው በላዩ ገባበት፣ ሌላው ደግሞ ከሥሩ። ዋናውን ዜማ ልለይ ብዬ ጆሮዬን ከአንዱ ወደ ሌላው ባዞር አጣሁት። በዚህ መሃል ያ ዝምተኛ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ከሁሉም በላይ ቀጭን ድምፅ ለቀቀ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሲጨርሱ፣ «ቆይ፣ ዋናው ዜማ የማን ነው?» አልኩት።

«የማንም። ሁሉም የየራሱን ይይዛል።»

አጎትየው ሰሙኝ። «ልጄ፣ ተነሺ እንጂ! ነይ እዚህ ቁሚ» አሉና አንዲት ወፍራም ድምፅ ሰጡኝ። ያዝኳት፤ ወዲያው ግን ሳላውቀው የጎረቤቴን ማዜም ጀመርኩ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እንደገና ሰጡኝ፣ እንደገና ጠፋችብኝ።

ለአዲስ ገቢዎች አቀባበል ጥቂት ሳምንታት ቀርተው ነበር። «ለምን አትዘፍንላቸውም?» አልኩት።

«ብቻዬን? ብቻዬንማ ጩኸት ነው።»

እንግዲያው አብረነው እንዝፈና ብዬ የዶርም ጓደኞቹን ሰበሰብኩ። በሚቀጥለው እሁድ ታክሲ ውስጥ ተጣብበን ሽሮ ሜዳ ሄድን። ቀልደኛው ፍቅረኛ የተባለችውን ፍለጋ ግቢውን ሁሉ በዓይኑ ዞረ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሄድን። አጎትየው አይቆጡም፤ ስንሳሳት ቆም ብለው እንደገና ይጀምራሉ። የግጥሙን ትርጉም ስጠይቃቸው ስለ እንግዳ አቀባበል እንደሚናገር ነገሩኝ። ደስ አለኝ፤ ለእኛ ቀን የተሰፋ ይመስል ነበር።

የአቀባበሉ ቀን ከሰዓት በኋላ ካፌ ውስጥ፣ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው፣ ቆምን። ጅማሬው አማረ። መሃል ላይ ቀልደኛው የእኔን ድምፅ ተከተለ፣ እኔ የእሱን፤ ተበታተንን። አዲስ ገቢዎቹ ሳቁ። ፊቴ ጋለ። የላብ ጓደኛዬ ግን አላቆመም። ጠጋ ብሎ ለቀልደኛው የጠፋበትን ድምፅ በጆሮው አዜመለት። ያዘ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። አንድ በአንድ ለቅሞ መለሰን፤ ሳቁም ቀስ በቀስ ወደ ጭብጨባ ዞረ።

ወንበር እየመለስን ሳለ ምግብ የምታቀርብልን ሴትዮ በሽርጧ እጇን እየጠረገች መጣችና ለጓደኛዬ በማላውቀው ቋንቋ የሆነ ነገር አለችው። ደንግጦ ዞረ። መለሰላት። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ከዚያ ወሬያቸው ማብቂያ አጣ።

«ምንድነው?» አልኩት።

«መንደሯ ከእኛ ማዶ ነው! ገበያችን አንድ ነው!»

ከገባን ጀምሮ በየቀኑ ከእጇ ስንበላ ማናችንም የየት አገር ሰው እንደሆነች ጠይቀናት አናውቅም።

«አንቺስ የትኛውን ድምፅ ነው የምትይዢው?» አልኳት።

አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። «ቀጭኑን ነዋ» አለችና፣ እዚያው ቆማ አሰማችን።