ነጠላዬ ጥዱ ላይ ሳለ

ልጄ ቱሉ ዲምቱ ባለው ኮንዶሚኒየሟ ውስጥ የውሃ ማሞቂያ አስገባች። አንድ እሑድ ጠዋት ልጠይቃት ሄጄ ሳለ፣ ገላዋን ልትታጠብ ገብታ "ኧረ አቃጠለኝ!" ብላ ጮኸች። ፈገግ አልኩ። ከዚያ ዝም አለች። ከሶፋው እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ በሩን በሁለት እጄ እደበድብ ጀመር።

ዝምታዋ ወደ ኋላ ወሰደኝ፤ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ያሳደገችኝ አክስቴ፣ እታበባ የምላት፣ አቃቂ ክር ፋብሪካ ውስጥ ቆማ ስትውል ኖራ ጉልበቷ አልታዘዝ ቢላት፣ ተራራ ውስጥ ያለ ፍል ውሃ ፍቱን ነው አሏት። ከባሏ ከጋሼ ታደሰ ጋር ሆነን ሄድን። ወሩ ጥቅምት ነው። ከመኪና ወርደን ሦስት ሰዓት ያህል ሽቅብ ስንወጣ ጤዛው ቀሚሳችንን እስከ ጉልበት አረጠበው። ጀርባዬ ላይ ያለው ዳቦ ይሸተኛል።

"ቁራሽ ብትቀምሺ ምናለ፣ እታበባ?" አልኳት።

"ጠበል በባዶ ሆድ ነው!"

"ይሄ እኮ ፍል ውሃ ነው እንጂ ጠበል አይደለም" አሉ ጋሼ።

"አንተ ደግሞ፣ ለሆድህ ስትል የማታፈርሰው ሥርዓት የለም።"

ተሳሳቅን። ዳቦውን ግን ማንም አልነካውም።

የዚያ አገር ደንብ እንዲህ ነው፤ ሴቶች ሲታጠቡ መግቢያው ጥድ ላይ ነጠላ ይሰቀላል። ነጠላው እስካልወረደ ወንድ አያልፍም። ነጠላዬን ሰቀልኩ። ጋሼና መንገድ የመሩን ሽማግሌ እዚያው ቀሩ።

ውሃው ከአለት ሥር እየተንተከተከ ይወጣል፤ የተጫረ ክብሪት ይሸታል። እታበባ እግሯን ስታስገባ "ኡኡ! ማርያም ድረሽ!" ብላ ጮኸች። ከዛፎቹ ማዶ ወንዶቹ ሳቁ። ቀስ በቀስ እስከ አንገቷ ገባች።

"እሰይ፣ ጉልበቴ ፈታ አለ" አለችኝ።

ከዚያ ዝም አለች። ዞር ስል ራሷን ስታ አገጯ ውሃው ውስጥ ነው።

ዘልዬ ገባሁና በብብቷ ይዤ ራሷን ቀና አደረግኩ። ከባድ ሴት ነበረች፤ ላወጣት አልቻልኩም።

"ጋሼ! ድረሱ! እታበባ ልትሞት ነው!"

"አይዞሽ ልጄ" አሉ ሽማግሌው ከማዶ፣ "ሞትኩ የማይል ታጣቢ አላየንም! ትለምደዋለች!"

ደግሜ ጮህኩ። ደግመው ሳቁ።

ብለቃት ትሰምጣለች፤ ይዣት ብቆይ እጄ ላይ ታልፋለች። አለቱ ላይ ያስቀመጠችውን መቀነቷን ስቤ በብብቷ ሥር አሳለፍኩና ዳር ካለ የዛፍ ሥር ጋር አሰርኳት። ከዚያ በባዶ እግሬ፣ በውስጥ ልብሴ ብቻ ሮጥኩ። ጋሼ ሲያዩኝ ደንግጠው ፊታቸውን አዞሩ። ነጠላውን ከጥዱ ጎትቼ መሬት ላይ ጣልኩት።

"ይኸው ወርዷል! አሁን እለፉ!"

ያኔ ነው የሮጡት። ስንደርስ መቀነቱ ተወጥሯል፤ ውሃው አፍንጫዋን ሊነካ የጣት ያህል ቀርቶታል። ጎትተን አወጣናት፣ ነፋሱ መታት። በስንት ጊዜዋ ዓይኗን ገልጣ፣

"ዳቦው የት አለ?" አለች።

ጋሼ አልሳቁም፤ አለቀሱ።

ልጄ ፎጣዋን ጠምጥማ የምደበድበውን በር ከፈተች።

"እማዬ፣ በሩን ልትሰብሪው ነው እንዴ?"

"ቁርስ በልተሻል?" አልኳት።

ደንብን አልጠላም፤ ሰው የሚከበረው በደንብ ነው። ግን ልጄን በሩን እንዳትቆልፍ፣ ስትታጠብም እንድታንጎራጉር አስምያታለሁ። እኔ ልጠይቃት ስሄድ ሳሎን ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ። ድምፅዋ አያምርም። ሲቋረጥ ግን እነሳለሁ።