የኋለኛው ካርቡራቶር

አጎቴ ካረፉ ዛሬ አርባኛ ቀናቸው ነው። ሰው ተዝካራቸውን በልቶ ሲመርቅ እኔ መቀመጥ አቅቶኝ ከዳሱ ጀርባ ወደቆመችው መኪናቸው እመላለሳለሁ።

ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያ የሌላት የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት። አንድ እንግሊዛዊ የጥጥ ባለሙያ አብዮቱ ሲፈነዳ ለእሳቸው ትቷት ወደ ሱዳን ተሻገረ። አጎቴ የመንግሥት እርሻውን ትራክተር ሲጠግኑ ውለው፣ ከሥራ መልስ እሷን ይፈቱ፣ ይገጥሙ ነበር።

«ጋሼ፣ በዚህ ዋልካ ወዴት ሊነዷት ነው?» እላቸዋለሁ።

«እስኪ መጀመሪያ በደንብ ትተንፍስ።»

አየርና ቤንዚን ቀላቅለው ለሞተሩ የሚያቀብሉ ሁለት ካርቡራቶሮች አሏት። የላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ ከጆሯቸው፣ ሌላውን ከካርቡራቶሩ አፍ ያስጠጉና ያደምጣሉ፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ያዞሩታል፤ ፉጨታቸው እኩል እስኪሆን ማስተካከያ ብሎኑን ይነካካሉ። «እኩል ካልተነፈሱ አብረው አይዘልቁም» ይሉ ነበር። የትራክተር ጩኸት ጆሯቸውን ሲያደክመው ቱቦውን ለእኔ ሰጡኝ።

አብሬያቸው በነበርኩበት የመጨረሻው ቀን፣ ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ የሚወስደኝ የሰሊጥ ጭነት መኪና ደጅ ቆሞ ጥሩንባ ይነፋል፤ እኔ ቱቦውን ከጆሮዬ አስጠግቻለሁ።

«አንቺ፣ እኩል ናቸው?»

የኋለኛው ከፊተኛው በርትቶ ያፏጫል። ሰምቼዋለሁ።

«እኩል ናቸው፣ ጋሼ!» ብዬ ሮጥኩ።

እሳቸውም አምነውኝ ብሎኑን አጥብቀው ኮፈኑን ዘጉ። «በእሷ ጆሮ ጨረስኳት» እያሉ ለጎረቤት ሁሉ አወሩ አሉ። እኔ ሳልመለስ አረፉ።

አሁን ሰው ሲበተን ሞተሩን አስነስቼ ቱቦውን አስጠጋሁ። የኋለኛው ዛሬም ያፏጫል። ብሎኑን ወዴት እንደሚያዞሩት አላውቅም፤ እሳቸው ሲያዞሩ እኔ ሁልጊዜ ደጅ ደጁን ነበር የማየው።