የአስቴር የእርምጃ ካርድ

በጌዴኦ ዞን ውሸትን እንደ እኔ የሚያሸት ነርስ አልተፈጠረም። ሰው ገደብ ከተማ ላይ ቢዋሽ ዲላ ተቀምጬ ያስነጥሰኛል። የካንሰር መድኃኒት የሚሰጥበት ኬሞ ክፍል የተመደብኩ ዕለት ግን፣ "አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ! ታካሚ መስላ ልትገባ!" ብዬ ከበር የመለስኳት ወጣት የክፍሉ ሐኪም ሆና ተገኘች። ዶክተር ሰላም ትባላለች።

"ጥበቃው ጎበዝ ነው፤ ነርሱስ የታለ?" አለችኝ።

ሥራዬ ካኑላ የሚሉትን ቀጭን ቱቦ ደም ሥር ላይ መትከል፣ የደም ምርመራ ውጤት ለሐኪሟ ማቅረብ፣ ከኬሞዎቹ አንዱ፣ ቀዩ መድኃኒት፣ ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋ እንዳያቃጥል ዓይን ሳይነቅሉ መጠበቅ ነው። ከገጠር የሚመጣው ሰው "ዶክተር" ይለኛል። አላርመውም።

አንድ ቀን ዶክተር ሰላም ካርድ ይዛ መጣች። ታካሚው በየቀኑ ስንት ደቂቃ እንደተራመደ ይጽፋል፤ ከጎኑ ለድካሙ፣ ለማቅለሽለሹና ለሕመሙ ከዜሮ እስከ ዐሥር ቁጥር ይሰጣል።

"ኬሞ የሚወስድ ሰው ይራመድ?" አልኳት። "እኔ ጤነኛው እንኳ ከአልጋ የምነሣው በሽማግሌ ነው።"

"ትኩሳት ከሌለውና ደሙ ከፈቀደ፣ አዎ። ተኝቶ የሚውለው ነው ድካም የሚብስበት።"

አላመንኳትም። ካርዶቹንማ ጭራሽ።

አስቴር ከወርቃ የምትመጣ የጡት ካንሰር ታካሚ ናት። ለአራተኛው ዙር ስትመጣ ካርዷን ተቀበልኩ። በየቀኑ ሠላሳ ደቂቃ። ድካሟ ከስምንት ሦስት ገብቷል። ቀለሙ አንድ፣ የእጅ ጽሑፉ አንድ፣ ወረቀቱ እንደ ሠርግ ጥሪ ንጹሕ። አፍንጫዬ ተነሣ።

ባሏን አቶ ጂግሶን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ወንድሞቹና ሁለት ጎረቤቶች ከበውታል።

"አቶ ጂግሶ፣ ባለቤትዎ በእግሯ ትሄዳለች?"

ጎረቤቶቹን አየት አደረገ። "ኧረ ምን ሲባል! ከአልጋም አልወረደች። ዋናው መንገድ ድረስ እነዚህ ናቸው የተሸከሟት።"

ያዝኳት! በረርኩና ለዶክተር ሰላም ነገርኩ። እሷም ሄዳ አስቴርን ራሷን ጠየቀቻት። አስቴር የባሏን ወንድሞች አየችና አቀረቀረች።

"አልጋ ላይ ከዋለች ሙሉውን መጠን አትችለውም" አለች ዶክተር ሰላም። "እስከ ሰኞ ይቆይ፤ እናጣራ።"

አስቴር ሲወጡ ወደ እኔ ዞረች። "ዶክተር፣ መድኃኒቴን ያስቀረኸው አንተ ነህ?"

ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ። ቢሆንም ውሸታም መሆኗን አልተጠራጠርኩም፤ በዓይኔ አይቼ ልመሰክር ቆረጥኩ። ዓርብ ገደብ አደርኩና ቅዳሜ ማለዳ በሞተር ወርቃ ገባሁ። ከቤታቸው ጀርባ እንሰት መሐል አድፍጬ በሩን መሰለል ጀመርኩ።

"ዶክተር፣ እዛ አትቁም" አለ ከኋላዬ የሴት ድምፅ። "እዛ እንጸዳዳለን።"

አስቴር ናት። እኔ በሩን ስጠብቅ እሷ ዞራ መጥታለች።

"መራመዴን ልታይ ነው የመጣኸው? ተከተለኝ።"

በቡናው ውስጥ እስከ ወንዙ ወረድን። ቁልቁለቱን ቻልኩት። ዳገቱ ላይ ነፍሴ ጆሮዬ ድረስ መጣች። ሦስት ጊዜ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ድካምህ ስንት ነው፣ ከዜሮ እስከ ዐሥር?"

"ዐሥራ አራት።"

ሳቀች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ቡናችንን ጎረቤት ነው የሚያርምልን። የባሌ ወንድሞች ይሸከሙኛል። እንደዚህ ስሄድ ካዩ 'ያልታመመ ሰው ተሸከምን' ይላሉ። መራመዴን ጂግሶ ያውቃል። እኔ መጻፍ አልችልም፤ ካርዱን የሚሞላው እሱ ነው። ታዲያ በነሱ ፊት ምን ይበልህ?"

ሰኞ ለዶክተር ሰላም ሁሉንም ነገርኳት። ጂግሶንም አስቴርንም ለየብቻ ጠየቀቻቸው፤ ቃላቸው አንድ ሆነ። ደሟን አይታ ሙሉውን መጠን አዘዘች። ካኑላውን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ተቀምጬ። የቅዳሜው ዳገት ገና አልለቀቀኝም።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ይህ ነው፦ ታካሚን ስለ አቅሙ በተሸከሙት ሰዎች ፊት አትጠይቁት። ለብቻው ጠይቁት።

አንድ ነገር ይቀራል። እኔ የስኳር ክትትል አለኝ። በየቀኑ እንድራመድና ደቂቃውን እንድመዘግብ ታዝዣለሁ። ያን ሰሞን የሦስት ወሩን ካርዴን ክትትል ክፍሉ በር ላይ ቆሜ፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ትንፋሽ ሞልቼ ነበር። በሦስቱ ወር አንድ ቀን እንኳ አልተራመድኩም። የአስቴር ካርድ የሸተተኝ የራሴን ካርድ ስለመሰለ ነው።