ቁልቁለት መውረድ ያስተማርኩት ውሻ

ገመድ ሻጭ ነበርኩ። ከእንሰት የሚወጣውን ቃጫ አበጥራለሁ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ እፈትላለሁ፣ ከዚያ ጠቅልዬ በጀርባዬ አዝዬ ገበያ ለገበያ እዞራለሁ። ዲላ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ሲብስም እስከ ገደብ ከተማ። ቡና በሚለቀምበት ወራት ገመድ የማይፈልግ ሰው የለም፣ ጆንያው በምን ይታሰራል። በሌላው ጊዜ ግን ተሸክሜ የወጣሁትን ተሸክሜ እመለሳለሁ። ቢሆንም መዞሩ ይሻለኝ ነበር። ባሌ ከሞተ፣ አንድ ልጄም ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወሬው ከጠፋ ወዲህ፣ ቤት ስቀመጥ ግድግዳው ሁሉ ወደ እኔ የሚጠጋ ይመስለኝ ነበር።

ውሻውን ያመጣው ልጄ ነው። ከዱመርሶ ሲመለስ በኮቱ ኪስ ከትቶት መጣ፤ ጭንቅላቱ ብቻ ነበር የሚታየው። ልጁ ሲሄድ ውሻው ለእኔ ቀረ። ጎህ ሲቀድ ስነሳ ይነሳል፣ ከፊቴ ከፊቴ እያለ ጫካውን ያሸታል፣ ገበያ ስቀመጥ ከጥቅሉ ጎን ይተኛል። ያንን መንገድ ብቻዬን መሄድ ያስፈራኝ ነበር፤ ከእሱ ጋር ግን ፍርሃቱን ረሳሁት።

እኛ ጋ ጃርት እንሰት ያጠፋል። ሥሩን ቆፍሮ ይበላና ጠዋት ስትወጣ የስንት ዓመት ተክል ተጋድሞ ታገኘዋለህ። ስለዚህ ሁሉም በጓሮው ወጥመድ ያጠምዳል። ወጥመዱ የሚሠራው ከቃጫ ገመድ ነው፤ ብዙውን ከእኔ ነበር የሚገዙት። የእኔ ውሻም ወጥመድ ሲይዘው አይጮህ፣ አይታገል፤ ቁጭ ብሎ ገመዱን በመንጋጋው ያኝክና በጥሶት ይመጣል። የተበጠሰውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የመጣ ጊዜ ጎረቤቶቼ፣ "ራስሽ ትሸጪልናለሽ፣ ውሻሽ ይበጥስብናል፣ ደግመሽ ትሸጪልናለሽ" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

በኋላ ከመኪና ጥገና የሚጣል ቀጭን ሽቦ ከከተማ መምጣት ጀመረ። ከታች ያለው ጎረቤቴ፣ ባሌ ያከብረው የነበረ፣ ጸሎት ቤት የማይቀር አንድ ሽማግሌ፣ እንሰቱ ቢያልቅበት ጊዜ ያንን ሽቦ አጠመደ። ውሻዬ ገባበት። እንደለመደው ቁጭ ብሎ አኘከ። ሽቦ ይታኘካል? ሲያቅተው ጎተተ፣ በጎተተ ቁጥር ደግሞ ሽቦው ጠለቀ። ሲነጋ ያገኘነው ጥርሱ ተሰባብሮ፣ የቀኝ የፊት እግሩ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሎ ነው።

ሽማግሌው ሽቦውን ፈታ። ዲላ ያለው የከብት ሐኪም ለበሬ እንጂ ለውሻ እንደማይወጣ እናውቃለን። ወጌሻ ጠራን፤ ወጌሻውም አይቶ፣ የሚጠገን አጥንት የለም አለና ከመገጣጠሚያው ላይ ቆረጠው። እኔ ጭንቅላቱን በነጠላዬ ሸፍኜ ይዤ ነበር። ቁስሉን በጨው ውኃ አጠብን፣ ማር ቀባን። ሽማግሌው የጌዴኦ ሰው ነው፤ በአማርኛ ሲያናግረኝ አንዳንዴ "አንተ" ይለኛል፣ ለምጄዋለሁ። በሩ ላይ ቆሞ፣ "አንተ አታልቅስ። ጃርት ብዬ ነው" አለኝ። አላለቀስኩም ነበር። የሚያለቅሰው እሱ ራሱ ነበር።

ቁስሉ ደረቀ። ውሻው ግን አልነሳ አለ። የሌለውን እግር ሊረግጥበት ይሞክራል፣ በአፍንጫው ይደፋል፣ ከዚያ እኔን ያየኛል። እግሩን የደበቅሁበት እኔ የሆንኩ ይመስል። ሰው ሁሉ ተይው ይለኝ ጀመር። እኔም ተስፋ ነበረኝ ብዬ አልዋሽም። ገበያ ስሄድ ማን ያበላዋል፣ ማን ያጠጣዋል? ካልተራመደ ከእኔ ጋር መኖር አይችልም፤ ነገሩ ይኸው ነበር።

ከቃጫ ሰፊ መታጠቂያ ጎነጎንኩና በደረቱ ሥር አሳልፌ ከላይ ያዝኩት። አጎንብሼ፣ እሱን አንጠልጥዬ፣ በጓሮው እንዞራለን። ወገቤ አለቀ። ቀስ በቀስ ክብደቱ ከእጄ እየቀለለ መጣ። ሜዳውን ለመደው። ዳገትም ያን ያህል አላስቸገረውም፤ የኋላ እግሮቹ ይገፉታል፣ እየነጠረ ይወጣል። ቁልቁለቱ ነው መከራው። አገራችን ደግሞ ቁልቁለት ነው፤ ከደጄ ወጥተህ የማትወርድበት መንገድ የለም። ክብደቱ ሁሉ በአንዷ የፊት እግሩ ላይ ይወድቅና ተገለባብጦ ታች ይደርሳል። አንዴ እንደዚያ ወድቆ የቁስሉ አፍ ተከፈተ። ያን ቀን፣ በቃ፣ አልኩ።

በማግስቱ ግን ጥቅሌን አዝዬ ስወርድ የራሴን እግር አየሁ። ሸክም ያለባት ሴት ቁልቁለት ቀጥ ብላ አትወርድም። ወደ ግራ አግድም ትሄዳለች፣ ትዞራለች፣ ወደ ቀኝ አግድም ትሄዳለች፤ መንገዱ ይረዝማል፣ ጉልበቷ ግን ይተርፋል። ይህንን ማንም አላስተማረኝም፤ ሸክሙ ነው ያስተማረኝ። ተመልሼ ውሻውን በመታጠቂያው ያዝኩና እንደዚያው አግድም አግድም ይዤው ወረድኩ። ሲቸኩል እይዘዋለሁ፣ ሲዞር እለቀዋለሁ። ብዙ ወደቀ። ብዙ ቀን ተቀምጠን ሁለታችንም ታቹን እናያለን፣ ሳንወርድም እንመለሳለን።

በመጨረሻ ከእኔ ጋር ዲላ ደረሰ። ገመድ የሚረከበኝ ሱቅ ነበር፤ ባለሱቁ ከጉራጌ የመጡ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። ውሻ ደጃፋቸውን እንዲረግጥ አይፈቅዱም፤ ይነካኛል ብለው ልብሳቸውን ይሰበስባሉ። ያን ቀን ግን ከባንኮው ወጥተው ቆመው አዩት። ቤት ገብተው አጥንት በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡና ከጣራው ጠፈጠፍ ወዲያ አስቀመጡለት።

"እትዬ፣ ይኼ እኮ ከእኔ ጉልበት ይሻላል" አሉኝ። "እኔ በሁለቱም እግሬ ቁልቁለት አልወርድም።"

እየሳቅሁ ወጣሁ። ስመለስ ግን ግማሹን መንገድ ተሸክሜው ነው የገባሁት፤ የተቆረጠው እግሩ ጉማጅ ደምቶ ነበር። የገደብ ገበያ የሚባለው ነገር እንደቀረ ያኔ ገባኝ። ይርጋ ጨፌም ቀረ። ከልጄ የተረፈኝ ይህ ነው፤ እሱም እስከ ዲላ ብቻ፣ እሱም በደህናው ቀን።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ሌላ ትምህርት ቤት አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ዛፍ ሥር ተሰብስበን "ሀ ሁ" ስንል የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መጣ። ከተማ ውስጥ ያበደ ውሻ ሰው ነክሷልና የተለቀቀ ውሻ ሁሉ ቅዳሜ በመርዝ ይጠፋል፣ ውሻ ያለው ይሰር፣ አለ። እሺ፣ ቅዳሜ ቤቴ ውዬ እይዘዋለሁ አልኩ በልቤ። ሊቀመንበሩ ግን አልጨረሰም ነበር። ቅዳሜ የጋራው ማሳ አረም ነው፣ የሚቀር ሰው የለም፣ ውሻ ይዞ የሚመጣም የለም። ተነስቼ የእኔ ውሻ እግር እንደሌለው፣ የትም እንደማይሄድ ነገርኩት። የተቀመጠው ሰው ሳቀ። እሱም ፈገግ ብሎ፣ "ካልሄደማ ምን አስጨነቀሽ፣ እናት?" አለኝ።

አርብ ማታ ሽማግሌው ሰንሰለት ይዞ መጣ። ከየት እንደተዋሰው አላውቅም።

"በዚህ እሰር" አለኝ።

"ጋሼ፣ ብረት አንገቱ ላይ አላደርግም።"

"ገመድ ይበላል እኮ።"

"ጥርሱ ተሰብሯል። በምን ይበላል?"

ሰንሰለቱን ደጃፉ ላይ ትቶልኝ ሄደ። ውሻው ድምፁን ሲሰማ ገና ወደ ግድግዳው ሸሽቶ ነበር። ከሽቦው ወዲህ ብረት ሲንኳኳ ሽንቱን ይለቃል። ስለዚህ ከገመዶቼ ሁሉ ወፍራሙን መርጬ አሰርኩት፤ ውኃና ቆጮ አጠገቡ አድርጌ፣ በሩን በግንድ ደግፌ ወጣሁ። ዛሬም ቢሆን ያንን ሰንሰለት አላስርበትም።

ማሳው ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል አንዷ ሴት ቀና ብላ፣ "ኧረ ያንን እዩ" አለች። ሁላችንም ቀና አልን። ከላይ፣ ከዳገቱ አናት፣ ውሻዬ ይወርዳል። ወደ ግራ አግድም፣ ይዞራል፣ ወደ ቀኝ አግድም፣ ይዞራል። የተበጠሰው ገመድ ከአንገቱ ይጎተታል፤ በሩን የደገፍኩበትን ግንድም ገፍቶ ወጥቷል። መታጠቂያ የለም፣ የሚይዘው ሰው የለም። አንድ ጊዜም አልወደቀም። ሰዉ ሥራውን አቁሞ ያይ ጀመር፤ አንዱ፣ "ሦስት እግር መጣ፣ ተነሱለት" አለ፣ ሌላው አጨበጨበ። ሊቀመንበሩም አየ። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ መርዙን ረሳሁት። ለዚያች ያህል ጊዜ፣ ከእንግዲህ እንኖራለን አልኩ። ገደብም እንሄዳለን አልኩ።

መጥቶ እግሬ ሥር ተኛ። ድካም መሰለኝ። ራሱን ሳሻሸው አንገቱ እንደ እንጨት ደረቅ ብሎ አገኘሁት፤ መርዙን በልቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም፤ ብዙም አልቆየም።

እኛ ጋ የሞተ ውሻ ገደል ይጣላል። ሽማግሌው ግን ተሸክሞት ሄዶ በራሱ እንሰት መካከል፣ ያ ሽቦ በነበረበት ቦታ፣ ቀበረው። ገመዱን ከአንገቱ ፈትቶ ሰጠኝ። ጫፉ ላይ ደም ነበረበት፤ በተሰበረ ጥርስም ተበልቷል።

ማታ ሥራው ሲያልቅ ወደ ቤቴ ወጣሁ። ጭቃው ላይ ዱካው አለ፤ ሦስት ሦስት፣ አግድም አግድም፣ እኔ እንዳሳየሁት። እየተከተልኩት ወጣሁ። ከመታጠፊያዎቹ በአንዱ ላይ ዱካው ከመንገዱ ወጣ ብሎ ወደ ሣሩ ይገባል። እዚያ ከመርዙ ሥጋ ቁራጭ ተርፏል፣ አጠገቡም ሣሩ ተተኝቶበታል። ከዚያ ተመልሶ ወደ መንገዱ ይመጣል፣ ይዞራል፣ ወደ ታች ወደ እኔ ይወርዳል።